በድምፅ ብልጫ የሞተው ዲስክ

ራውዳ እንጀራዋን የምታገኘው በአፍንጫዋ ነው። ከቱኒስ በስተ ደቡብ ባለችው የወደብ ከተማ ስፋክስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወይራ ዘይት መመርመሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ዘይት ስታሸት ትውላለች፤ ይኸኛው ደህና ነው፣ ይኸኛው ሻግቷል፣ ይኸኛው ደግሞ ጆንያ ውስጥ ታምቆ ከከረመ ወይራ የተጨመቀ ነው እያለች ትለያለች። እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍት በር ክበብ ወደሚሰበሰብበት የወጣቶች ማዕከል መሄድ ራስን መቅጣት ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ማዶ ግን የማዕከሉ መጸዳጃ ቤት ስላለ ማንም አይከፍተውም። ውስጡ የቱናና ሃሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ ሳንድዊች፣ የጋለ አቧራና ካልሲ ይሸታል። ከኪቦርዶቹ ሥር ፍርፋሪ ይራገፋል፤ ያንን ፍርፋሪ በጣቱ ለቅሞ የበላ ሰው በዓይኗ አይታለች።

ክበቡ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ክበብ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒዩተርን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅስ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያስተካክለውና በነፃ ለጎረቤቱ ሊሰጠው መቻሉ ነው። ራውዳ ይኸን ሐሳብ ከልቧ ትወደዋለች። አንድ ሰው የሠራውን መልካም ነገር ለማያውቀው ሰው ሜዳ ላይ ጥሎለት መሄዱ ገና ተማሪ ሳለች ጀምሮ ያስደንቃት ነበር። የምትጸየፈው ሰዎቹን ነው፤ ይኸንንም ደብቃ አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የምትጸየፈው ሊቀመንበሩን ዙሄይርን ነው። ዙሄይር በአንድ የግል ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነው። ሲያወራ ጢሙን በጣቱ ያፍተለትላል፤ ከዚያ ያንኑ ጣቱን የሰው ስክሪን ላይ ይለጥፋል። ስብሰባ በከፈተ ቁጥር «እኛ ከአብዮቱ በፊትም ነፃ ሰዎች ነበርን» ይላል። ክበቡ የተመሠረተው ግን አምባገነኑን ካባረረው ከዚያ አብዮት በኋላ ነው።

በየወሩ መጨረሻ የተከላ ቀን አለ። የፈለገ ሰው ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ የክበቡ ልጆች ሊኑክስ ይጭኑለታል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ለዚህ ቀን የሚሆን አንድ የመዳብ ደወል አላቸው። አንድ ኮምፒዩተር ከነበረው ሁሉ ጸድቶ ሙሉ በሙሉ ሊኑክስ ብቻ ሲሆን ደወሉ ይደወላል፣ ቤቱ ያጨበጭባል፣ የጫነውም ሰው ስሙን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ባለቤቱ የቀድሞውን ሳይለቅ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ልያዝ ካለ ግን ደወል የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ «ግማሽ ላጭ» ይሉታል፤ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ከፀጉር ቤት እንደወጣ ሰው ማለታቸው ነው። ብዙ ግማሽ ላጭ የሠራ ልጅ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ይሳቅበታል።

በዚያ ቅዳሜ ከከተማው ቴሌቪዥን አንድ ካሜራ ያዥ መጥቶ ነበር። ዙሄይር ሸሚዙን አስተኩሶ ነው የመጣው። ካሜራ ያዡ ደወሉ ሲደወል መቅረጽ እፈልጋለሁ ብሎ ጥግ ይዞ ቆመ። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የዚያን ቀን የመጣው ሁሉ ግማሽ ላጭ ነበር። አንዱ የልጆቹን ጨዋታ፣ ሌላው የሱቁን ሂሳብ መልቀቅ አልፈለገም። ዙሄይር ጢሙን እያፍተለተለ ይንጎራደዳል።

በዚህ መሐል ነው ሲ ሞንጂ ኮምፒዩተሩን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አስደግፎ የገባው። ሲ ሞንጂ ከስፋክስ ወደ ከርከና ደሴቶች በሚመላለሰው መርከብ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ የደሴቶቹ ሰው ነው፤ «ሲ» እዚያ አገር «ጋሼ» እንደማለት ነው።

«ሰላም ለእናንተ ልጆች። ይቺ እንደኔው አርጅታለች፤ ስትነሳ ታቃስታለች። ቫይረስም ሳይበላት አልቀረም። ካፌ ያገኘሁት ልጅ እነሱ ያድኑሃል አለኝ።»

«እኔ ነኝ ሲ ሞንጂ፣ እኔ ነኝ ያልኩዎት» አለ ላስአድ ሳንድዊቹን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ። ላስአድ የዙሄይር ጥላ ነው። ዙሄይር ሲስቅ ይስቃል፣ ዙሄይር ሲቆጣ ይቆጣል፣ በመሐል ይበላል።

«ጥሩ ቦታ መጥተዋል» አለ ዙሄይር። «ንጹሕ አድርገን ነው የምንሰጥዎት።»

«ንጹሕ ስትል፣ ድምፆቹን አትነኩብኝም አይደል? ድምፆቹ የዲስኳ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ናቸው። ዲ የሚለው ውስጥ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

«የምን ድምፆች ናቸው ሲ ሞንጂ?» አለች ራውዳ ወንበር እየሳበችለት።

ሽማግሌው ይኸን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። መርከቡ ላይ ሳለ ሽማግሌና አሮጊት በተሳፈረ ቁጥር ጎኑ ተቀምጦ ያዘፍን ነበር። ዓሣ ለማጥመድ የዘንባባ ዝንጣፊ ባሕር ውስጥ ሲተክሉ የሚዘፍኑትን፣ ሙሽራ በጀልባ ሲያሻግሩ የሚዘፍኑትን፣ ባሕር የበላው ሰው ሲለቀስ የሚባለውን ሁሉ ቀርጿል። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ቤት ለቤት ዞረ። ካሴቶቹን የወንድሙ ልጅ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠለት፤ ካሴቶቹ ራሳቸው ግን በእርጥበት ተበላሽተው ተጣሉ።

«አብዛኞቹ ሞተዋል» አለ። «ሁለት መንደር ሙሉ ሰው እዚህች ውስጥ አለ ብልሽ ይሻላል።»

«ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«የት አባቴ አመጣለሁ ልጄ። አንድ ፍላሽ ገዝቼ ነበር፤ የልጅ ልጄ የኳስ ጨዋታ ቪዲዮ ሞላበት።»

ራውዳ ዙሄይርን ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። ሸሚዙ ክንዱ ላይ እርጥብ ነበር፤ እጇን ወዲያው መለሰች።

«ምንም ሳትነካ ቅጂ እናውጣ። ቤት ትልቅ ዲስክ አለኝ፣ ደርሼ ላምጣው። ሰምተሃል፣ ሌላ ቦታ የለውም።»

«ሂጂ አምጪው። እኔ እስከዚያ ከፍቼ ልየው።»

«ማየት ብቻ።»

«ራውዳ፣ እኔን ነው የምታስተምሪው?»

ታክሲ ይዛ ሄደች፣ ዲስኩን ከመሳቢያ አወጣች፣ በመጣችበት ታክሲ ተመለሰች። የማዕከሉን ደረጃ ስትወጣ ደወሉ ተደወለ። ጭብጨባ ተከተለ። የቀሩትን ደረጃዎች ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ስትገባ ካሜራ ያዡ «አንዴ ድገሙልኝ፣ ፊትህ አልገባልኝም» ይላል፣ ዙሄይር ደግሞ ፊቱን አስተካክሎ ደወሉን ደግሞ ይመታል። ሲ ሞንጂ መሐላቸው ቆሟል። እሱም ያጨበጭባል፤ ለምን እንደሚጨበጨብ ባያውቅም ልጆቹ ደስ ስላላቸው ደስ ብሎታል።

«አሁንማ ጎበዝ ሆናለች» አለ ወደ ካሜራው ዞሮ። «እስቲ ልጄ፣ የኡሚ ዘይናን የሙሽራ ዘፈን ክፈትላቸው፣ ይስሙ። ዲ ውስጥ ነው።»

ዙሄይር ማውዙን አንቀሳቀሰ። አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ። ጆሮው እየቀላ ሲሄድ ራውዳ ከኋላ ሆና አየችው። ዲ የሚባል ነገር የለም። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኗል። ሲጭን «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ነው የመረጠው፤ ደወሉ ለሌላው አይደወልማ።

«ትንሽ ፍተሻ ይፈልጋል ሲ ሞንጂ» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ማሽኑን ይተዉልን፣ እናስተካክለዋለን።»

«በእጃችሁ ነው» አለ ሽማግሌው። አንሶላውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ፣ እያንዳንዳቸውን ጨብጦ ተሰናብቶ ወጣ። ካሜራ ያዡም ተከትሎት ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ራውዳ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ማንም እንዳያስነሳው። የጠፋው ማውጫው ነው፣ ድምፆቹ ከሥር አሉ። ሊኑክስ የያዘው ትንሽ ጥግ ነው፣ የቀረው እንዳለ ነው። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት አብዛኛውን እናወጣዋለን። ደውለህ ንገረው፤ ተሳስተናል፣ ግን ተስፋ አለ በለው።»

ይኸን እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲፎክሩበት የሚውሉት ነገር ነው። ግን ማንም አልተነሳም። ዙሄይር ወንበር ላይ ተቀመጠና ጢሙን ያዘ።

«ቆይ፣ በእርጋታ እንየው። የአገሪቱ ክበቦች ስብሰባ ዘንድሮ ስፋክስ ይሁን አይሁን ገና አልተወሰነም። ዋና ከተማው ቱኒስ ያሉት ተፎካካሪዎቻችን እንዲህ ያለ ወሬ ነው የሚፈልጉት። ነገ ደግሞ በቴሌቪዥን እንታያለን። በዚህ ሰዓት የሰው ንብረት አጠፉ ከተባልን ማን ኮምፒዩተሩን ያምነናል?»

«ማንም ማመን የለበትም» አለች ራውዳ።

«ዲስኩ ግን እውነትም አሮጌ ነው» አለ ላስአድ እያላመጠ። «በራሱ ሞተ ቢባል ውሸት አይመስልም። እኛ እጅ ላይ እያለ ሞተ። ያጋጥማል።»

«የላስአድ ሐሳብ ቀርቧል» አለ ዙሄይር። «ድምፅ እንስጥ።»

ክበቡ ድምፅ መስጠት ይወዳል። የሻይ ብርጭቆውን ማን ይጠብ በሚለው ላይ እንኳ ድምፅ ተሰጥቶበታል፤ ብርጭቆዎቹ ግን እስካሁን አልታጠቡም፣ ሥራቸው ላይ ቡናማ ነገር ጋግሮባቸው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። አሁንም እጆች ወጡ። ራውዳ እጆቹን አየቻቸው፤ ሃሪሳ የነካው፣ ጥፍሩ የተበላ፣ ቀለበት ያሰረ፣ አንዱ ደግሞ ገና ከአፍንጫ የወጣ። እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ቁመት እየጠበቀ ነው ያወጡት። የሚቃወም ሲባል እሷ ብቻ ሆነች። ፀሐፊው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «ልመዝግበው?» አለ፤ ክበቡ ቃለ ጉባኤውን ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ ነው የሚለጥፈው።

«ይኸን አንመዘግብም» አለ ዙሄይር።

አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ራውዳን ያስነሳት።

«የኔ ሥራ የሻገተ ነገር መለየት ነው» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «በየሳምንቱ እዚህ ስገባ ሽታው ከመጸዳጃ ቤቱ ይመስለኝ ነበር። ምስኪን መጸዳጃ ቤት። ከናንተ ነው። ስለ ነፃነት ታወራላችሁ፣ አንድ ሽማግሌን ግን ቀና ብላችሁ ማየት አትችሉም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የለሁበትም።»

«እሺ እሺ፣ ተረጋጊ» አለ ዙሄይር። አልተቆጣም። «ሰኞ ከሥራ ስትወጪ ቢሮዬ መጥተሽ ዲስኩን ውሰጂ፣ ሞክሪ። ማን ከለከለሽ?»

«እወስደዋለሁ» ብላ በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የተናገረችውን በልቧ ደገመችውና ወደደችው።

እሑድን በደስታ ነው ያሳለፈችው ማለት ይቻላል። ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ታጠበች። ለእህቷ የላስአድን አበላል፣ የዙሄይርን ጢም፣ እጆቹ እንዴት እንደወጡ አንድ በአንድ እያስመሰለች አሳየቻት፤ እህቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማታ በቴሌቪዥን ደወሉ ሲደወልና ሲ ሞንጂ ሲያጨበጭብ አዩ። ራውዳ ትራሱን ስክሪኑ ላይ ወረወረችው።

ሰኞ ከሥራ እንደወጣች ዲስኩን ከዙሄይር ቢሮ ወሰደች። በፖስታ አድርጎ ለጥበቃው ትቶላት ነበር። ቤቷ ገብታ ምንም እንዳይጽፍበት አድርጋ ከራሷ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘችውና ማንበብ ጀመረች። ዲስኩ ያለ አንዳች እንከን፣ ያለ ማቃሰት ተነበበ። መጀመሪያው ዜሮ ነው። መሐሉ ዜሮ ነው። ወደ መጨረሻው ሄደች፤ ዜሮ ነው።

ራውዳ ይኸ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። የሞተ ዲስክ አይነበብም፤ ያንቋርራል፣ ይሳሳታል፣ ዝም ይላል። በስህተት የጠፋ ዲስክ ደግሞ ከሥሩ የድሮው ነገር ይገኝበታል፤ ቅዳሜ የተጫነው ሊኑክስ እንኳ መኖር ነበረበት። ከዳር እስከ ዳር ዜሮ የሚሆነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ትእዛዙን በእጁ ጽፎ፣ እስኪያልቅ ጠብቆ ሲሞላው ብቻ ነው። ከዜሮ ሥር ምንም አይወጣም። የኡሚ ዘይና የሙሽራ ዘፈን ያለበት ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል። ለሰጠመው ሰው የተለቀሰበት ቦታ ላይም እንዲሁ።

ስልኩን አነሳች።

«ዲስኩን ምን አደረግከው?»

«ምንም። ጤንነቱን ፈተሽኩት።» ዙሄይር እያላመጠ ነበር፤ ከጀርባው የሰሃን ድምፅና የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«በማንበብ ነው የፈተሽከው ወይስ በመጻፍ?»

ማላመጡ ቆመ። ተነስቶ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድና በር ሲዘጋ ሰማች።

«ስሚ ራውዳ። አንቺ ድምፆቹን ብታወጪ፣ ዲስኩ እንዳልሞተ ይታወቃል። እኛ ደግሞ ሞቷል ብለናል። ክበቡ በድምፅ ብልጫ ወስኗል፣ እኔ ውሳኔውን ነው ያስፈጸምኩት። ሞተ የተባለ ነገር ሲነሳ አያምርም።»

«ያውቅ የነበረ ሰው አለ? ይኸን ስታደርግ?»

«አንቺ ጥለሽን ሄድሽ እኮ» አለ፣ ቅሬታ በሚመስል ድምፅ። «ማንን ልጠይቅ?»

ራውዳ ስልኩን ዘጋች። ስልኩን በአልኮል ወለወለችው። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ወደብ አካባቢ ወዳለው ወደ ሲ ሞንጂ ቤት ሄደች። ይኸ ሰው እውነቱን ማወቅ አለበት፤ ሌላው ቢቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ለሱ የቆመ አንድ ሰው እንደነበረ ይወቅ ብላ አሰበች።

ሲ ሞንጂ ግቢው ውስጥ ኦክቶፐስ ገመድ ላይ እየሰቀለ ነበር። ሽታው ስለታምና ንጹሕ ነው፤ ባሕር ባሕር ይላል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበር ሰጣት።

«ነገሩኝ ልጄ» አለ። «ያ የሚበላው ልጅ ትናንት መጥቶ ነገረኝ። ዲስኩ ሞተ አለኝ። አዲስ ዲስክ በነፃ እንገጥምልዎታለን አሉ፤ አላህ ይስጣቸው። ምን ይደረጋል፣ እኔም ማርጀቱን እያወቅኩ ዝም ብዬ ነበር። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስረግም አደርኩ።»

ራውዳ ነገረችው። አንዱንም አላስቀረችም፤ ደወሉን፣ ካሜራውን፣ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን፣ የወጡትን እጆች፣ ዜሮውን። ዙሄይር በስልክ ያለውን ቃል በቃል ነገረችው። ስትናገር ድምፏ እየጠራ ሄደ። ሽማግሌው ሳያቋርጣት ሰማት። ስትጨርስ ገመዱ ላይ የተሰቀለውን ኦክቶፐስ አንዱን እግሩን ይዞ ዘረጋው፣ መልሶ ለቀቀው።

«ቅዳሜ ይኸ ሁሉ ሲሆን እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። እኔ ብቻ ነኝ የተቃወምኩት።»

«እሱን ሰማሁ። ቅዳሜ ስትወጪ ድምፆቹ ነበሩ?»

«ከሥር ነበሩ። ማውጣት ይቻል ነበር።»

«ኮምፒዩተሬስ የት ነበር?»

«ጠረጴዛው ላይ። በሩ አጠገብ።»

«ይከብድ ነበር እንዴ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተሸክሜው መጥቻለሁ።»

«አይከብድም ነበር።»

«እነዚያ ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ደግሞ ታውቂያለሽ። አሁን ነገርሽኝ፤ ጥሩ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ። ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ።» አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ እንደሚጠይቅ ሰው ብቻ ረጋ ብሎ ያያታል። «እንደዚያ እያወቅሻቸው ለነሱ ትተሽው ሄድሽ።»

«ተናድጄ ነበር ሲ ሞንጂ። እዚያ ቤት አንዲት ደቂቃ መቆም አልቻልኩም። አስጠሉኝ።»

«አዎ» አለ። «እነሱ አስጠሉሽ።»

ወደ ገመዱ ተመለሰ። ከባልዲው ሌላ ኦክቶፐስ አወጣና ውኃውን አራግፎ ሰቀለ። ራውዳ እስክትነሳ ድረስ ፊቱን አላዞረም። ልታጽናናው ቃል ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጣላት ግን ከማንም በላይ የተዋጋችለት እሷ እንደሆነች የሚናገር ነበር። ይኸን ሰው ልታጽናና ሳይሆን ልትመሰገን እንደመጣች ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ካየችውና ከሸተታት ነገር ሁሉ የበለጠ ያስጠላት ይኸ ሆነ፤ ከዚህ ደግሞ በር ዘግታ የምትወጣበት መንገድ አልነበራትም።